የግድግዳው ሁለተኛ ሰዓት

መስከረም 14፣ ሰኞ

የቀኙ ሰዓት ቆመ። ባትሪ ነው። አማቴ እማማ ግን ገና ከአልጋ ሳልወርድ በሩ ላይ ቆመው "የልጄ ሰዓት ቆሟል" አሉኝ፣ ሰው የታመመ ይመስል። ወንበር ላይ ወጥቼ ለወጥኩት። የግራው የኛ፣ የቀኙ የሱ። ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል ባሌ ያለበት ከተማ ገና የትናንት ማታ አምስት ሰዓት ነው። ከሄደ አሥራ አንድ ወር ሆነው፤ አማቴ እስካሁን አልተዋጠላቸውም። "ደግሞ እንዴት ብሎ ትናንት ይሆናል?" ይላሉ። ይሁን እንጂ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ አይከፍቱም፣ ልጃቸው ተኝቷላ። ዛሬ የድስት ክዳን ወደቀባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ላውንደሪ... ኮት ሰባት፣ ቬሎ አንድ፣ መጋረጃ መዓት። አንድ ሱሪ ኪስ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኘ። ልብስ ተኳሻችን፣ ካውያው የምንለው፣ በወረቀት ጠቅልሎ የደንበኛውን ቁጥር ጻፈበት። ከዚያ መዝፈኑን ቀጠለ። ድምፁ አያምርም፤ ቢነገረውም አይሰማም።

መስከረም 17፣ ሐሙስ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ። እኛ ጋ ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበት፣ እሱ ጋ ጠዋት አንድ ሰዓት። "ገና ነቃሁ" አለ። ድምፁ ግን ዛል ያለ ነው። ድሮም ሲነሳ እንዲህ ነበር? ረስቼዋለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ይቆማል ስላለኝ ገበያ ጠየቅኩት። ወንዙ ዳር ድንኳን ይተክላሉ አለ፤ አበባ ሻጮቹ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጎን፣ አንዲት ሴትዮ ሳታመዝን በእጇ ብቻ ለክታ የምትሸጥ። የመጋዘኑ ዘበኛ የነገረው ነው። እሱ የሚሠራው ዓሣ በሚቀመጥበት የማቀዝቀዣ መጋዘን ነው፣ መካኒክ ሆኖ። ዘበኛው በር ላይ ነው። ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ከተማውን እንደ መዳፉ ያውቀዋል ይለኛል። "አንተስ ሄደህ አታውቅም?" "በሥራ ሰዓት ነው እኮ፣ እንዴት ብዬ?" እውነቱን ነው።

መስከረም 23፣ ረቡዕ

እንግዲህ ነገሩ ቁርጥ ሊሆን ነው። ሁለት ዓመት ጨምር ብለውታል። ከፈረመ እኔን ያስመጣል። ካልፈረመ በጥር ጠቅልሎ ይመለሳል። "ያንቺን ሐሳብ ነው የምጠብቀው" አለ። እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።

የላውንደሪው ባለቤት እትዬም እዚህ በሌላ በኩል ይዘውኛል። ሁለተኛ ላውንደሪ ሊከፍቱ ነው፤ የድሮውን ለኔ ሊተዉልኝ። "እሺ በይኝ ወይ እንቢ በይኝ፣ አንጠልጥለሽ አታስቀምጪኝ" አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት በሠራሁበት ቤት አለቃ መሆን... ወይ የማላውቀው ከተማ። እማማ እህቱ ጋ ቢገቡ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፣ የሳቸው አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀኝ ከተማው ነው። ምን ዓይነት ነው? የሰው አገር ሄጄ መስኮት ላይ ተቀምጬ ባልን መጠበቅ አልፈልግም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

መስከረም 30፣ ረቡዕ

ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሻይ ላይ እያለሁ መልእክት ላከ። "ሻይሽን ጠጣሽ?" እዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። "ምነው አልተኛህም?" "ሽንቴ መጥቶ ነው የነቃሁት።" በዚህ ሳምንት ይህ አራተኛው ነው። እዚያው ሆኜ ለእማማ ደውዬ ነገርኳቸው። "ከመኝታ በፊት ውሃ ይቀንስ በዪው" አሉ። ኩላሊት ይሆን? ሐኪም እንዲያየው ጻፍኩለት። "እሺ" ብሎ መለሰ፣ ወዲያው። አሁንም አልተኛም ማለት ነው።

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

መዋኛ አለ አለኝ። የሕዝብ መዋኛ፣ ጣሪያው መስተዋት፣ ከሰፈሩ አሥር ደቂቃ በእግር። ጠዋት ጠዋት ለሴቶች ብቻ ነው። የዘበኛው ሚስት እዚያ ነው መዋኘት የተማረችው፣ በትልቅ ዕድሜዋ።

እኔ መዋኘት አልችልም። ሁሌ ግን... እንጃ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለሱ በቀር።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

የዋና ልብስ ገዛሁ። ጥቁር ሰማያዊ። ሻጯ ለልጄ መስሏት "ዕድሜዋ ስንት ነው?" አለችኝ። "አርባ ስድስት" አልኳት። መሳቢያ ውስጥ፣ ከክረምት ካልሲዎቹ ሥር ደበቅኩት። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ጠዋት፣ ሳይተኛ ደህና እደር ልለው ደወልኩ። "አልጋ ላይ ነኝ" አለ። ከኋላው የሞተር ድምፅ አለ። ምንድነው ስለው፣ ፍሪጄ ነው አለ። ትልቅ ፍሪጅ።

በልቤ ወደ መሄዱ አድልቻለሁ። ሐሙስ ገበያ፣ ጠዋት መዋኛ፣ ከሰዓት እሱ ይመጣል። ማታ ወንዙ ዳር። እንደ ደንበኛ ዕቃ ዝርዝር ጻፍኩት፣ ምንም አልጎደለም። ሰኞ ለእትዬ ልነግራቸው ነበር፤ ቬሎው ላይ እድፍ ቀርቶ ሲቆጡ ተውኩት።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ቅዳሜ ሌሊት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ አለኝ። ቀኑ ሲያጥር እንዲህ ያደርጋሉ። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሰባት ይሉታል። "የተኛ ሰው አይታወቀውም። ብቻ ከእሁድ ጀምሮ ልዩነታችን ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የቀኙን አስተካክይው።" እማማ ሰምተው፣ "ደግሞ ሊርቅ ነው?" አሉ።

ጥቅምት 25፣ እሁድ

የቀኙን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ወንበሩን እማማ ያዙልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለ። እማማ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "እንዴት አደርክ ልጄ?" አሉት። "ምን አደርኩ ይባላል እማዬ፣ ሌሊቱ አልገፋ ብሎን እኮ ነው ያደረው። ስምንት ሰዓት ሞላ ስንል ተመልሶ ሰባት። ዘበኛው ሻይ ሁለተኛ ጣደ።"

እማማ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ቆመ።

"ተኝተህ አልነበር እንዴ?" አልኩ።

"በኋላ ልደውልልሽ" ብሎ ዘጋው።

እማማ "ኔትወርክ ነው?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው።

ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። የመንገድ መብራት። እርጥብ አስፋልት። መብራት። የተዘጋ ሱቅ። በአንድ ዓመት ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ አንድ የሰው ጥላ የለም። ፍሪጁ። ኩላሊቱ... እኔ ስለ ኩላሊቱ እንቅልፍ አጥቼ!

ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ደወለ። ካውያው እንዳይሰማ መጋረጃዎቹ የሚሰቀሉበት ክፍል ገባሁ። ሁሉንም ነገረኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ቀን ነው የሠራው። ሰውነቱ እንቢ አለ። መሰላል ላይ ቆሞ እንቅልፍ ይወስደው ነበር፤ አንድ ቀን ከሦስተኛው ደረጃ ወደቀ። ኃላፊው "በል ማታ ግባ" አለው። ለአንድ ወር ነው ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ አልወጣም። ከማታ አራት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ቀን መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ይተኛል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አፈርኩ። ለመድኩት ብዬሽ ነበር።"

"ዓመት ሙሉ?"

የእጅ ሰዓቱን አልቀየረውም። ከዚህ እንደወጣ በኛው ሰዓት ነው። "ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝጊያውን ስትከፍቺ አውቃለሁ። አራት ሰዓት ሻይ። ስድስት ተኩል ምሳ። ካንቺ ጋ እኩል ነው የምውለው" አለ። ደስ ሊለኝ የሚገባ መስሎት ነው። አልተቀበልኩትም። ተናደድኩ። ለኔ ሲል ነው ለማለት ነው? እኔ የጠየቅኩት ስለ ከተማው ነበር።

"ገበያውስ? መዋኛውስ?"

"ዘበኛው ነው የነገረኝ።"

"እሱስ የት ያውቃል?"

"...እሱም ማታ ነው የሚሠራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።"

ሳቄ መጣ። ንዴቴም አልሄደም። ዘጋሁበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ላለ ከተማ የዋና ልብስ ገዝቻለሁ።

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ

ስልክ አላነሳሁም። ኮት አሥራ አንድ፣ አልጋ ልብስ አራት።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

አላነሳሁም። እማማ ጠዋት በእግር ጣታቸው ጫፍ ሲራመዱ አየኋቸው። እሱ በዚያ ሰዓት ሞተር ሥር ቆሟል። ማታ ደግሞ፣ እሱ እውነት በሚተኛበት፣ ሬዲዮውን ለቀው ከእህቱ ጋ በስልክ ይጯጯሃሉ። ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ሰዓት ዝም ሲሉ! ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ

እኔው ደወልኩ። የምለውን በደረሰኝ ጀርባ ጽፌ ነው፣ እንዳልረሳ።

"አንተ እዚያ አልሄድክም" አልኩት። "እቃህ ነው የሄደው። እኔን ወዴት ነው የምታስመጣኝ? ዘበኛው ጋ?"

ደረሰኙ ላይ ወዳለው ቀጣይ መስመር ሄድኩ።

"ቀን ግባ። በነሱ ሰዓት ተነስ፣ በነሱ ሰዓት ተኛ። የእጅ ሰዓትህን ቀይረው። አንድ ወር። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ፣ ዘበኛውን እንዳትጠይቅ። ከዚያ እመልስልሃለሁ።"

"ባልችልስ?"

"ያን ጊዜ ትመለሳለህ፣ በቃ።"

"ከገባሁ እኮ እንደ ድሮው መደዋወል የለም። አንቺ ስትውይ እኔ ተኝቼ ነው።"

አላሰብኩበትም ነበር። "ይሁን" አልኩ።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ዛሬ ቀን ገባ። ኃላፊው ሳያንገራግር ፈቀደለት፣ መሰላሉ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። አራት ሰዓት ላይ ስልኬን አየሁ። ምንም የለም። ጥሩ ምልክት ነው።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሱ ጋ ሲነጋ፣ አምስት ደቂቃ አወራን። ትናንት ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ሄደ። ሹፌሩ ቀስቅሶ አወረደው። ኮረብታ ላይ ነው አለ። ከተማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሆኖ አየው፣ ሳይጨልም።

"ምን ይመስላል?"

"ከጠበቅኩት ያንሳል።"

ቢያንስ አልዋሸም።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ትናንት ዕረፍቱ ነበር፤ በእግሩ ዞረ። ነገረኝ፣ ጻፍኩ፦

ገበያው ወንዙ ዳር የለም። ወደ አዳራሽ ከገባ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ሐሙስም አይደለም፣ ቅዳሜ ነው። በእጇ ለክታ የምትሸጠውን ሴትዮ የሚያውቅ አላገኘም። ወንዙ አለ። ይሸታል፣ በተለይ ድልድዩ ሥር። ከሥሩ ያለች ጎረቤቱ ደረጃ ላይ አግኝታው ደነገጠች፤ ቤቱ ባዶ መስሏት ኖሯል። ቀን ቀን ልብስ ስትሰፋ ማሽኗ ያስቸግርህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። "ብርድ ልብሱን በጆሮዬም ላይ አደርግ ነበር" አላት። ሳቀች አለ።

"መዋኛውስ?"

"ሞልተውታል" አለ። "አፈር?" "አፈርና አስፋልት። መኪና ይቆምበታል። መስተዋቱ ጣሪያ ከአንድ በኩል አለ።"

ምንም አልመሰለኝም ብዬ ብጽፍ ማንም አያየኝ... ግን ከፋኝ። ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ኅዳር 16፣ እሁድ

ሸሚዙን ላውንደሪ ሰጥቶ አወጣ፣ የሰፈሩን። አንገትጌው ላይ ያለውን ቢጫ መስመር እንዳለ ትተውበታል። የሚተኩስ ሰው የላቸውም፣ ማሽን ነው የሚጫነው፤ እጅጌው ላይ ሁለት መስመር አውጥቶበታል። ፎቶ ላከልኝ። በቀን የተነሳ ፎቶ ነው። የእጁ ጥላ ሸሚዙ ላይ ወድቋል።

ሁለት መስመር! እኛ ቤት ቢሆን ካውያው ራሱን ይሰቅል ነበር።

ፎቶውን ሦስቴ አየሁት። መጀመሪያ መስመሩን፣ ከዚያ ጥላውን።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

አራት ሰዓት ላይ ሻይ ስጠጣ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ እንዳላየው። ምንም እንደማይመጣ እያወቅኩ። ዓመት ሙሉ ሩቅ ነው ብዬ አለቅስ ነበር... ሩቅ አልነበረም። አሁን ነው የሄደው። ያኔ አጠገቤ ቆሞ እየሠራ ነበር፣ እኔ አላወቅኩም።

ናፈቀኝ። እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም።

ዛሬ ያወራነው አራት ደቂቃ ነው። ቸኩሏል። ከጎረቤቲቱ ባል ጋር ቅዳሜ ጣሪያ ሊጠግኑ ነው። "ልሂድ፣ ረፈደ" አለ። ረፈደ ሲል በነሱ ነው። የእጅ ሰዓቱን ቀይሮታል።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ትናንት ከሥራ ወጥቶ ዘበኛውን ሊጠይቅ ቆየ፤ ሰውዬው ማታ ሲገባ በር ላይ ጠበቀው። ዘበኛው "እህ፣ ቀን እንዴት ነው? መዋኛው ሄድክ?" ብሎ ጠየቀው።

"ምን አልከው?"

"ሄጃለሁ፣ ውሃው ሞቅ ያለ ነው አልኩት።"

"አሁንም ትዋሻለህ ማለት ነው።"

"ሚስቱ ሞታለች እኮ" አለኝ። "መዋኛው ሳይሞላ በፊት። እንዴት ብዬ ልንገረው?"

ይኼኛው ውሸት አልከበደኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ነገ የመልሱ ቀን ያበቃል። ደወለ፣ ዛሬ አልቸኮለም።

"ቆንጆ ነው ብዬ አልልሽም" አለ። "ቀዝቃዛ ነው። ገበያው ትንሽ ነው። ሰዉ መጀመሪያ አያናግርም፣ ከዚያ አይተውሽም። ጠዋት ፀሐይዋ በኩሽናው መስኮት ትገባለች፤ እስካሁን በብርድ ልብስ ጋርጃት ነበር። ያየሁት ይሄን ነው።"

"አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

"እንድትመጪ። ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ። የትም ይሁን፣ አንድ ሰዓት ላይ እንሁን።"

ያቺ ላውንደሪ ሰው ትፈልግ እንደሆን ጠይቀህ ንገረኝ አልኩት። ጠይቆ ኖሯል፤ ሰው እንፈልጋለን ብለው በሩ ላይ ከለጠፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ይሄን እስካሁን ያልነገረኝ እንዳይጫነኝ ብሎ ነው። ተማረ ማለት ነው።

ስልኩን እንደዘጋሁ እትዬ ጋ ገባሁ። "በየካቲት እሄዳለሁ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "የተባለው ከተማ ያን ያህል ደህና ነው?" አሉኝ። "አይደለም" አልኳቸው። "ታዲያ?" "የሚያሳስበኝ ሸሚዝ አለ።" አልገባቸውም። የድሮውን ቤት ለካውያው ስጡት አልኳቸው፤ ይዘፍናል እንጂ እጁ ወርቅ ነው።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ጠዋት ለእማማ ነገርኳቸው። ልጃቸው መፈረሙን፣ እኔ መሄዴን፣ እሳቸው እህቱ ጋ መግባታቸውን። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። የማታ ሥራውን ነገርም ነገርኳቸው፣ ከእንግዲህ ምን ይደበቃል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "እና ዝም ያልኩት በከንቱ ነዋ?" ብቻ አሉ።

ቆይተው "ሰዓቶቹስ?" አሉኝ።

"ይውሰዷቸው።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

ከዚያ የቀኙን በደንብ አስረጂኝ አሉ። በአሥራ ሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ፣ በጸደይ ደግሞ ስምንት። በጣታቸው ቆጠሩ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ቆጠሩ። ሲገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ለሁለት ሰው ነው ዝም የምለው" አሉ። ፊቴን ታጥቤ ነው ከቤት የወጣሁት።

የዋና ልብሱን ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት። ወንዝም አለ፣ ይሽተት እንጂ።

አራት ሰዓት፣ የሻይ ሰዓት ላይ፣ የእማማን ነገር ልነግረው ስልኩን አነሳሁ። አስቤ መልሼ አስቀመጥኩት። እዚያ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። ካውያው ኮሌታ እየተኮሰ ጮክ ብሎ ይዘፍናል።

"ቀስ በል" አልኩት።

"ምነው?"

"ሰው ተኝቷል።"

መተኮሱን አቁሞ በተሰቀሉት ኮቶች መሀል ዞር ዞር ብሎ አየ።